ለጠፈርተኛው የተሰጠችው አልታዬ

አልታዬ ሲራክን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየችው ቀን ሲራክ ፊት አልነበረውም። ከትከሻው በላይ የሚታየው አራት ማዕዘን የዘይት ቆርቆሮ ብቻ ነበር።

ጊዜው ጥቅምት 1968 ዓ.ም. ነው። ልብስ ልታጥብ ወደ ምንጩ ስትወርድ፣ ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ ተገልብጦ ከቀረው አሮጌ የውኃ ቦቴ ውስጥ አንድ ሰው እየተንገዳገደ ብቅ አለ። ቆርቆሮው ለዓይን የሚሆኑ ሁለት ቀዳዳዎች ተበጅተውለታል።

«በስመ አብ!» አለችና ልትሮጥ ስትል ከቆርቆሮው ውስጥ የታፈነ ድምፅ ሰማች።

«እባክሽ አትሂጂ... ጭንቅላቴ አልወጣ አለኝ!»

«ሰው ነህ?»

«ሰው ነኝ! ዘማች ነኝ!»

ዘማች መሆኑ ብዙም አላጽናናትም። በዚያ ዓመት ዘማች ያልሞከረው ነገር አልነበረም። ፊደል አስተምሯል፣ ጉድጓድ ቆፍሯል፣ ስለ መሬት አዋጁ ከገበሬው ጋር እስኪመሽ ተከራክሯል። ቆርቆሮ አጥልቆ መንገድ ላይ መንገዳገዱ ግን ገና አልተሰማም ነበር። ያም ሆኖ አንጀቷ አልቻለም። ሳሙናዋን አርጥባ በቆርቆሮው ስር እጇን ሰደደችና አንገቱን፣ ከዚያም ጆሮዎቹን ትቀባው ጀመር።

«ጆሮህ ትልቅ ነው፤ የያዘህ እሱ ነው» አለችው።

«አውቃለሁ... እናቴም ትለኛለች።»

ቆርቆሮው በመጨረሻ ተላቆ ወጣ። ከስሩ አረፋ የለበሰ፣ በእፍረት የቀላ፣ የሚስቅ ፊት ብቅ አለ። አልታዬ ያን ጊዜ ደነገጠች። ከቆርቆሮው ይልቅ ፊቱ አስደነገጣት።

«ምን ልትሠራበት ገባህ?»

«ፊልም ልንሠራ ነው። ይሄ የጠፈርተኛ ቁር ነው።»

«ጠፈርተኛ ደግሞ ምንድን ነው?»

«በከዋክብት መሃል የሚጓዝ ሰው።»

«በዘይት ቆርቆሮ?»

ሁለቱም ሳቁ። ልብሱ ሳይታጠብ ጀንበር አዘቀዘቀች።

ሲራክ የጉለሌ ልጅ ነው። ትምህርቱን አቋርጦ በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ሲመጣ ብርድ ልብስና መጽሐፍ በመያዝ ፋንታ፣ አጎቱ የሰጡትን፣ እንደ ሰዓት በቁልፍ የሚሞላ ትንሽ የፊልም መቅረጫ ይዞ ነው የመጣው። ልጅ ሆኖ እሑድ እሑድ ሲኒማ ቤት እየሄደ የሚያየው አንድ የውጭ ተከታታይ ፊልም ነበር። «ንጋት» የምትባል መርከብ ከኮከብ ወደ ኮከብ ትዞራለች። ሲራክ የመርከቧን ሰዎች ከዘመዶቹ ይልቅ ያውቃቸዋል። አሁን በዚያው ዓለም ውስጥ የሚሆን የራሱን አጭር ፊልም ሊሠራ ተነስቷል። ማንም አላዘዘውም፣ ማንም አይከፍለውም። ፍቅር ብቻ ነው።

«ስንት ነገር እያለ ለምን ይሄን?» ብላ ጠየቀችው አልታዬ አንድ ቀን።

«በዚያ ፊልም ውስጥ ዛራ የምትባል ዓለም ነበረች» አላት ሲራክ። «ዝናብ ቀርቶባታል። መርከቧ ከሩቅ አየቻትና አልፋት ሄደች። ታሪኩ ስለ ሌላ ነገር ነበራ! እኔ ግን ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ። እንድትቆም እፈልግ ነበር... በኔ ፊልም ትቆማለች። ዘር ይዛ ትወርዳለች።»

አልታዬ ወደ ማዶው ገደል ፊቷን አዞረች። በረሃቡ ዓመት፣ በ66፣ አንድ የጭነት መኪና በደጃቸው አልፎ ነበር። እናቷ፣ እንቁ፣ በር ላይ ተቀምጣ መኪናው ከዓይኗ እስኪሰወር ታየው ነበር። እህል ይጫን ድንጋይ ይጫን እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም፤ አልቆመም። እናቷ ወር ሳትቆይ አረፈች።

«ትቁም» አለችው አልታዬ። «እኔም እሠራለሁ።»

ያን ቀን ወደደችው። ለራሷም አልደበቀችም።

ለጠፈርተኛው ካፒቴን የተመረጠው ቸኮል ነው። እሱም ዘማች፣ የደብረ ማርቆስ ልጅ፣ ረዥም፣ መልከ መልካም፣ ደግሞም ጭንቅላቱ ከቆርቆሮው ያለ ሳሙና የሚወጣለት። አልታዬ የዛራ ገዢ ልጅ ሆነች። ገዢው አባቷ አቶ ሞላ ናቸው። ሲራክ መጀመሪያ «የዛራ ንጉሥ» ብሎ ጽፎ ነበር፤ የዘመቻ ጣቢያው ኃላፊ ግን፣ «ጓድ፣ ንጉሥ እኮ ወርዷል!» ብሎ ፊቱን አጨማደደ። ስለዚህ ዛራም ሊቀመንበር ኖራት። የዛራ ሰዎች በርኖሳቸውን ገልብጠው ለበሱ፤ ተገልብጦ የቀረው ቦቴም መርከቧ ሆነ።

ካፒቴኑ ዘሩን ካወረደ በኋላ የገዢውን ልጅ ይወዳታል። ሲራክ በጻፈው መሠረት በቀጥታ ሄዶ «ልጅህን ስጠኝ» ሊል ነው። ይህን ሲሰሙ ሸህ ጀላል ሳቁ። ሸህ ጀላል ለልጆች ቁርዓን የሚያስቀሩ፣ ክርስቲያኑም እስላሙም ለእርቅ የሚጠራቸው ሽማግሌ ናቸው።

«አንተ ልጅ» አሉት ሲራክን፣ «ሰማይ ቤትስ ቢሆን ሰው ሰው ነው። ልጅ በሽማግሌ እንጂ በራስ አፍ ይጠየቃል?»

ሲራክ አሰበበትና በማግስቱ ሸህ ጀላል ቤት ሄደ። ጉልበታቸውን ስሞ፣ «አንቱው ሽማግሌ ሁኑልኝ፣ አቶ ሞላ ቤት ሂዱልኝ» ብሎ ለመናቸው። ሸህ ጀላልም መሪጌታውንና አንድ ሌላ ሽማግሌ ጨመሩና በቅዳሜ ጠዋት፣ ውርጩ ገና ሳይለቅ፣ አቶ ሞላ ግቢ ውስጥ ቆሙ። ቸኮል ቆርቆሮውን በብብቱ ይዞ በሩ ጋ ቆሟል። አልታዬ ከቤቱ ደፍ ላይ አጮልቃ ታያለች። ሲራክ ከጎተራው ጥግ መቅረጫውን ደግኗል።

«ፊልሙ ድምፅ አይቀዳም፤ የፈለጋችሁትን ተናገሩ፣ ከንፈራችሁ ይንቀሳቀስ ብቻ!» አለ ሲራክ። «አልታዬ፣ ወደ ካሜራው አትዪ! ቸኮልን እዪ!»

አልታዬ ቸኮልን አየች። ትንሽ ቆይታ ዓይኗ ተመልሶ ጎተራው ጥግ ሄደ።

የፈለጋችሁትን ይበል እንጂ፣ ሽማግሌ ነጠላውን አስተካክሎ በሰው ደጅ ቆሞ ሌላ ምን ያውቃል?

«እንግዲህ አቶ ሞላ፣ ደጅዎ የቆምነው ለደግ ነው» አሉ ሸህ ጀላል። «ልጅዎን ለልጃችን ብለን ነው።»

«ተቀመጡ እንጂ።»

«እሺ ሳይሉን አንቀመጥም።»

በአገሩ ወግ የሴት ልጅ አባት በመጀመሪያው ቀን እሺ አይልም። ዘመድ ላማክር ይላል፣ ያመላልሳል። አቶ ሞላም «እንግዲህ ዘመድ...» ሲሉ ሲራክ ከጎተራው ጥግ ጮኸ።

«አባባ፣ የፊልሙ ጥቅል ሊያልቅ ነው! ሦስት ደቂቃ ነው የሚይዘው! ቶሎ እሺ በሉልኝ!»

አቶ ሞላ ግራ ተጋብተው ዙሪያቸውን አዩና፣ «ይሁን... ሰጥቻለሁ» አሉ።

ቃሉ ከአፋቸው እንደወጣ የሸህ ጀላል እጆች በልማድ ወደ ላይ ተዘረጉ። ሃምሳ ዓመት ሙሉ «ሰጥቻለሁ» በተባለ ቁጥር የተዘረጉ እጆች ናቸው፤ ፊልም መሆኑን በየት በኩል ይወቁት? ዱዓ አደረጉ፤ ትዳሩን፣ ልጁን፣ ከብቱን፣ ዝናቡን ሁሉ መረቁ። ለማየት የመጣው ጎረቤት እኩሉ «አሚን» እኩሉ «አሜን» አለ።

ሁሉም እርስ በርሱ ተያየ። መሪጌታው ቀስ ብለው፣ «ሸህ... ዱዓ ተደረገበት እኮ» አሉ።

«አቁም!» አለ ሲራክ በደስታ፣ ምንም ሳይገባው። «በጣም ግሩም ነበር!»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ። ዱዓ የተደረገበት ነገር ጨዋታ ነበር ብሎ መመለስ በወሎ ቦረና ምድር አልተለመደም። በሳምንቱ መጨረሻ ገበያው ሁሉ አልታዬን የቸኮል እጮኛ ይላት ጀመር። ቸኮል ደግሞ አልጠላውም። እንዲያውም ፀጉሩን በቅቤ ማሳመር ጀመረ።

አልታዬ አባቷን ልትለምን ሦስቴ አፏን ከፍታ ሦስቴ መለሰችው። አቶ ሞላን ታውቃቸዋለቻ! በረሃቡ ዓመት ሸህ ጀላል ቤተሰባቸውን ይዘው ወደ ዓባይ በረሃ ሲሰደዱ፣ የዘር ገብሳቸውን አደራ ያኖሩት በአቶ ሞላ ጎተራ ነበር። አቶ ሞላ ከዚያ ገብስ አንዲት ፍሬ አልነኩም። ጎተራው ሞልቶ እንቁ ሞተች። ሸህ ጀላል ተመልሰው ነገሩን ሲሰሙ ከጎተራው ስር ተንበርክከው፣ «ምነው በበላችሁት! ምነው በበላችሁት!» እያሉ አለቀሱ። አቶ ሞላ ግን ያሉት «ቃሌን ሰጥቼ ነበር» ብቻ ነው። ለእንዲህ ያለ ሰው ቃልህን አፍርስልኝ ማለት፣ እናቴ በከንቱ ሞተች እንደማለት ሆኖ ተሰማት። ሲራክን ትፈልጋለች፤ ሲራክን ለማግኘት ደግሞ አባቷን መስበር አለባት። ከሁለት አንዱን ማጣቷ ነው።

የቀራት አንድ ተስፋ ራሱ ሲራክ ነበር። ምንጩ ዳር ጠብቃ አገኘችው።

«አባቴን ለምን አጣደፍከው?»

«ጥቅሉ ሊያልቅ ነበር... ሦስት ደቂቃ ብቻ እኮ ነው የሚይዘው።»

«ለሦስት ደቂቃ ብለህ?»

ሲራክ መሬት መሬት አየ። ጆሮው ቀላ።

«ቸኮል ጥሩ ልጅ ነው» አለ። «ደስ... ደስ ብሎሻል?»

ሌላ ነገር እንዲናገር ጠበቀችው። «እኔስ?» ቢላት ኖሮ፣ «እምቢ በይ» ቢላት ኖሮ... ግን ዝም አለ።

«የአባቴ ቃል ነው» አለችው።

እሱ እሺታ መሰለው፤ እሷ ደግሞ ግድ እንዳልሰጠው ቆጠረችው። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ ሆድ ውስጥ ግን ይነቅዛል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሲገናኙ ሰላምታ ብቻ ሆነ።

የቀረውን ፊልም ቀርጸው ጨረሱ። ጥቅሎቹ በጭነት መኪና ደሴ፣ ከደሴ አዲስ አበባ ሄዱ፣ ከዚያም አጎቱ ውጭ አገር ልከው አሳጠቧቸው። ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ እንዲሆን ቀን ተቆረጠ። አልታዬ በሌሊት ሳይሆን በቀን፣ ገብስ እያበጠረች፣ ሰው እያያት፣ ዓይኔ ውስጥ ገለባ ገባ እያለች አለቀሰች።

መጋቢት ላይ ፊልሙ ታጥቦ መጣ። ሲራክ ማሳያውን ከደሴ ተዋሰ፣ ጀነሬተር ከመንገድ ሠራተኞች ለመነ። የትምህርት ቤቱ አንድ ክፍል መስኮቶቹ በብርድ ልብስ ተሸፈኑና በእሑድ ከሰዓት መንደሩ ሁሉ ገብቶ ታጨቀ። አቶ ሞላና ሸህ ጀላል ከፊት ተቀመጡ። አልታዬ ከሴቶቹ መሃል፣ ከሸህ ጀላል ሚስት ከሀጀራ አጠገብ ነች።

አንሶላው ላይ ብርሃን ወጣ። መርከቧ መጣች። ለበረራው በቆርቆሮ በትንሹ ተሠርታ፣ ክር በያዘ እጅ እየተጎተተች፣ ትንሽ እየተንቀጠቀጠች፣ ግን መጣች። ዛራ ላይ ቆመች። ቸኮል ጆንያውን ተሸክሞ ወረደ። ክፍሉ ውስጥ ሁካታ ሆነ፤ «ይኸው ዘሩ!» አለ አንዱ። አንዲት አሮጊት ደግሞ ድምፅ አውጥተው መረቁት።

ከዚያ የአልታዬ ፊት አንሶላውን ሞላው።

ቸኮል ጆንያውን ሲያወርድ አልታዬ ክፍሉ ውስጥ ወዳለው ሰው ታያለች። ቸኮል ሲንበረከክላት ወደ ሰዉ ታያለች። ሽማግሎቹ ግቢ ገብተው ሲቆሙ፣ ከደፉ ላይ፣ አሁንም ወደ ሰዉ። የተሸነፈ፣ የሚለምን፣ ለስላሳ ዓይን። ሳቁ ቀስ በቀስ ጠፋ። አልታዬ ራሷን አንሶላው ላይ እያየች ፊቷ እንደ እሳት ነደደ። እንዲህ መሆኗን አላወቀችም ነበር። የተደበቀች መስሏት ነበር!

ሀጀራ ጮክ ብለው፣ «ይህች ልጅ ማንን ነው እንዲህ የምታየው?» አሉ።

«ፊልም የሚያነሳውን ነዋ!» አለች ከኋላ አንዲት ሴት፣ ምንም ሳትጠራጠር።

ፊልሙ አልቆ አንሶላው ነጭ ሆነ። ሲራክ ከማሳያው ኋላ እንደቆመ ደርቆ ቀርቷል። እሷ ካሜራውን እንዳታይ ስንቴ ተቆጥቷታል!

«አልታዬ...» አለ።

«ያየሁት ካሜራውን አልነበረም» አለች እሷ። ሰው ሁሉ ሰማት፤ ግድም አልሰጣት።

ቸኮል ብድግ አለ። መጀመሪያ ለመሳቅ ሞከረ፣ አልሆነለትም።

«እኔ ፊቷ ቆሜ አላየሁትም፤ ዛሬ ግን አየሁት» አለ። ከዚያ ወደ ሽማግሌው ዞረ። «ሸህ ጀላል፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ሽማግሌ ሁኑልኝ ብዬ ደጅዎ መጥቼ አውቃለሁ?»

«የለም፣ አልመጣህም።»

«ማን ነው ጉልበትዎን የሳመው?»

ሸህ ጀላል ጢማቸውን ያዙ። «ሲራክ ነው። ወላሂ፣ ሲራክ ነው የላከን።»

«እንግዲህ ላኪው እሱ ነው። ቃሉም ዱዓውም የላኪው ነው» አለና ቸኮል ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ ቀና ብሎ ማንንም አላየም።

አቶ ሞላ አንገታቸውን ነቀነቁ። «እኔ የሰጠሁት ደጄ ላይ ቆርቆሮ ይዞ ለቆመው ነው። ለእሱ ብዬ ነው እሺ ያልኩት። ሞላ ሁለት ቃል የለውም።»

ሸህ ጀላል ግን ወደ አቶ ሞላ ቀረቡና እጃቸውን ያዙ። አልታዬ ከዚህ በፊት እንዲህ ዝግ ብለው ሲናገሩ ሰምታቸው አታውቅም።

«ሞላ፣ ወንድሜ። አንተ ቃል ስትጠብቅ አንድ ሰው ቀብረናል። የኔ ገብስ ነበር፤ እኔ እስክሞት ይበላኛል። ሁለተኛ አንቀብርም። እንቁ ብትኖር ይህን የልጇን ዓይን አይታ ዝም ትል ነበር?»

ሲራክም ያን ጊዜ ማሳያውን ትቶ በሰዉ መሃል አልፎ መጣና አቶ ሞላ ፊት ተንበረከከ።

«አባባ፣ ያን ቀን የሞኝ ነገር ሠራሁ። ልጅዎን ከቆርቆሮው ካወጣችኝ ቀን ጀምሮ እወዳታለሁ፤ ፈርቼ ነው ዝም ያልኩ። ለፊልም ሳይሆን ለራሴ ነው ዛሬ የምለምንዎ። ዘመቻው ሲያልቅም አልሄድም፣ እዚሁ አስተምራለሁ።»

አቶ ሞላ እሱን ትተው ወደ ሴቶቹ ዞሩ።

«አልታዬ፣ ነይ» አሉ።

መጥታ ቆመች። በአገሩ ወግ አባት ለሽማግሌ ይመልሳል እንጂ ልጅቱን አይጠይቅም፤ ብትጠየቅም አንገቷን ትደፋለች እንጂ አትናገርም። አቶ ሞላ ጠየቋት።

«እናትሽንም አልጠየቅኋት ነበር» አሉ። «ጎተራውን ልክፈት ወይ ብዬ አልጠየቅኋትም። ብጠይቃት ምን እንደምትል አውቅ ነበር፤ ለዚያ ነው ያልጠየቅኋት። አንቺን ግን እጠይቃለሁ። ማንን ነው የምትፈልጊ?»

አልታዬ አንገቷን አልደፋችም። አባቷን ዓይን ዓይናቸውን እያየች፣ እንባዋ እየወረደ፣ መልሷን ለሁሉም በሚሰማ ድምፅ ሰጠች።

«ሲራክን ነው፣ አባየ።»

አቶ ሞላ ራሷን በሁለት እጃቸው ይዘው ግንባሯን ሳሙ። እንቁ ከተቀበረች ጀምሮ ሲያለቅሱ ያያቸው ሰው አልነበረም፤ ያን ቀን ሁሉም አየ።

«እንግዲያው ሰጥቻለሁ» አሉ።